ለዓይኔ ዋስ የቆሙት ጋሽ ኃብቶም

አሠሪዬ ወርቅነህ "ዓይኑ አያይም" ብሎ ከቫን መሪ ላይ አነሳኝ። ይህ አልበቃው ብሎ በቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ ከቅዳሴ የወጣው ሕዝብ ጫማውን እያደረገ ሳለ፣ "ደምሴ ድሮም ፊደል የለየው በግድ ነው። አሁን ደግሞ ዓይኑ ሄዷል። እናቶቻችንን በሱ እጅ አንሰጥም" ብሎ ተናገረ። በሹክሹክታ አይደለም። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር።

የደረሰብኝ በደል ይኸው ነው። አላሳምረውም። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ስለሆነ ዙሪያ ጥምጥም መጻፍ አልተማርኩም። ደግሞም ይህን የምጽፈው ስለ ወርቅነህ አይደለም፤ ለሱ ቀለም አላባክንም። የምጽፈው ስለ ጋሽ ኃብቶም ነው። ጋሽ ኃብቶም ከሲያትል ወጣ ብላ ባለችው ኤቨረት፣ ልጃቸው ቤት አረፉ። በቀብራቸው ላይ የሕይወት ታሪክ ያነበበው ሰው "ደግ አባት፣ ታማኝ ክርስቲያን፣ ሰው አክባሪ" ብሎ አጠፈው። ሰው ሁሉ ሲሞት ደግ አባት ነው። ጋሽ ኃብቶም ግን ሰው አክባሪ አልነበሩም። ሰው ይሳደቡ ነበር። የመኪና መብራት ይፈትጉ እንደነበር እንኳ ሳይነሳ ቀረ። አንባቢው ያሳፍራል ብሎ ይሆናል። እኔ አላፍርም፤ ስለዚህ እኔ ልናገር።

ሲያትል፣ ሌክ ሲቲ ሰፈር አንድ ሕንፃ ውስጥ ነበር የምንኖረው። እኔ ሁለተኛ ፎቅ፣ እሳቸው ከሥሬ። ከኤርትራ ወላጆች የተወለዱ፣ አዲስ አበባ ያደጉ ሰው ናቸው። አጭር፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ በጋ ከክረምት የሱፍ ቆብ የማይለያቸው። መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል፤ የሱሪያቸው ኪስ ሁልጊዜ በእራፊ ጨርቅ እንዳበጠ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ሲያጥቡ ኖረው ጡረታ ወጡ። ጡረታ ሲወጡ እጃቸው ሥራ መፍታት እምቢ አለ። ከሕንፃችን ሥር ጣሪያ ያለው ፓርኪንግ አለ፤ እዚያ የራሳቸውን መኪና መብራት አንድ ቀን ፈተጉ። ከዚያ የጎረቤቱን። ከዚያ ታክሲ የሚነዳው ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ይሰለፍ ጀመር።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። የድሮ መኪና የፊት መብራት ሽፋኑ ፕላስቲክ ነው። ፀሐይ ዓመት በዓመት ሲመታው ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ይደፈርሳል፣ በመጨረሻ ሞራ የጋረደው ዓይን ይመስላል። አምፖሉ ደህና ነው። ብርሃኑ ግን አይወጣም፤ እዚያው ውስጥ ሲንከራተት ይቀራል። ሲያትል ውስጥ ምን ፀሐይ አለ የሚል ሰው ሐምሌ ላይ ይምጣና መኪናውን ደጅ ያቁማት።

መጀመሪያ የተዋወቅነው በስድብ ነው። ያቺን አሮጌ መኪናዬን ከጎናቸው ፓርክ ሳደርግ ቀና ብለው አዩኝ።

"አንተ ሰውዬ፣ ይቺን መኪና የምትነዳት በጸሎት ነው?"

"ምን ሆነች?"

"እሷ ምን ትሆናለች። የምትሆነውስ አንተ ነህ።"

ሰላምታም አልነበረም። ስሜንም አልጠየቁኝ። ቁልፉን ከእጄ ተቀብለው መብራቱን አበሩና መዳፋቸውን ፊቱ ላይ ዘረጉ። መዳፋቸው ላይ ያረፈው ብርሃን የሻገተ ቅቤ ይመስል ነበር። ራሳቸውን ነቀነቁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ መኪናዬ እንደ አዲስ ታይ ጀመር፤ እኔ ደግሞ ፓርኪንጉ ውስጥ ባልዲ ገልብጬ እየተቀመጥኩ እሳቸውን ማየት ልማድ አደረግኩት።

አሠራራቸው ይማርካል። መጀመሪያ በመብራቱ ዙሪያ ያለውን ቀለም በወረቀት ፕላስተር ይሸፍናሉ። ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያራሱ ይፈትጋሉ፤ መጀመሪያ ሻካራውን፣ ቀጥሎ ለስለስ ያለውን፣ ቀጥሎ ደግሞ ከጨርቅ የማይለየውን። ውሃ ከሌለ አይነኩትም። "ሰው ሲጠጣ ይሰክራል፤ ይሄ ወረቀት ግን ሳይጠጣ ነው የሚሰክረው" ይሉ ነበር። ሲፈትጉት መብራቱ መጀመሪያ ይብስበታል፤ እንደ ወተት ይሆናል። ባለመኪናዎቹ ያኔ ይደነግጣሉ። "ጋሼ፣ አበላሹት እኮ!" ሲሏቸው ዞር ብለው እንኳ አያዩም፤ "ቁስል ሳይጠረግ አይሽርም፤ ሂድና ሻይህን ጠጣ" ይላሉ። በመጨረሻ በቅባት ያሹታል፣ ከዚያ ፀሐይ እንዳይደግመው የሚከላከል፣ ቫርኒሽ የመሰለ ፈሳሽ ያለብሱታል። እሱ እስኪደርቅ ድረስ በዚያ ፓርኪንግ ማንም አያስነጥስም።

ከሁሉ የሚጠሉት በጥርስ ሳሙና የሚያሹትን ነው። የጥርስ ሳሙና ለጥቂት ሳምንት ያጸዳል፤ ከዚያ ፕላስቲኩ መልሶ ይደፈርሳል። አንዱ ታክሲ ነጂ እንደዚያ አድርጎ ሲመጣ፣ ጎንበስ ብለው አሸተቱና "ጥሩ ነው፤ አሁን ወስደህ ጥርሷን አስነቅላት" ብለው መለሱት። ሰውየው ተቆጥቶ ሄደ። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ።

እንከን አልነበረባቸውም አልልም። ወሬ ይወዳሉ፤ የኳስ ወሬ ከተነሳማ እጃቸውንም ይረሳሉ። አንድ ቀን እየተከራከሩ የሚያለብሱትን ፈሳሽ በእርጥበት ላይ አፈሰሱት። መብራቱ እንደተቃጠለ ቆዳ ተላጠ። ባለቤቱ ምግብ የሚያመላልስ ወጣት ነበር፤ መኪናውን ትቶ ሄዷል፤ ምንም አላወቀም። ጋሽ ኃብቶም ወዲያው ኮል አደረጉለት።

"መኪናህን አበላሽቻለሁ። መጥተህ ስደበኝ።"

እሱ እስኪመጣ አሮጌ መኪና ወደሚፈታበት ግቢ ሄዱ። ከተጋጨች መኪና ላይ ደህና መብራት አስፈትተው አመጡና ኮፈኑን ከፍተው ቀየሩለት። ወጣቱ መጥቶ "ጋሼ፣ እንዲያውም ከበፊቱ ይሻላል፤ ችግር የለም" አላቸው።

"ችግር አለ። ስድቤን ስጠኝ።"

"ኧረ ጋሼ!"

"አልሰድብም ካልክ ቁልፉን አልሰጥህም።"

ልጁ አንገቱን ደፍቶ "እርስዎ… ትንሽ ወሬ ያበዛሉ" አላቸው። ጋሽ ኃብቶም በረጅሙ ተነፈሱ። "እውነት ነው። ሂድ በል።" ከዚያን ቀን ወዲህ ፈሳሹን ሲያለብሱ አፋቸውን ገጥመው ነው።

እኔንም አንድ ጊዜ ረግመውኛል። ሥራቸውን ጨርሰው፣ ፈሳሹ ደርቆ፣ ወደ ኋላ ራቅ ብለው ሲያደንቁት እኔ ባልዲዬ ላይ እንደተቀመጥኩ "ጋሼ፣ ፀጉር ገብቶበታል" አልኩ። ቀኑ ደመናማ ነበር፤ ፓርኪንጉም ጨለም ያለ ነው።

"የት አባቱ?"

"ከታች፣ በቀኝ ጠርዝ።"

መነጽራቸውን አደረጉ። አላገኙትም። ጎንበስ አሉ። አላገኙትም። የስልካቸውን መብራት አበሩና ፊታቸውን ሊያስነኩት ጥቂት ሲቀራቸው አዩት፤ አንዲት ሽፋሽፍት፣ ያውም የራሳቸው። ቀና አሉና "ይጥፋ ይሄ ዓይንህ!" አሉኝ። ከዚያ የሠሩትን በሙሉ ፈትገው አነሱትና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ባለቤቱ እኮ አያየውም ነበር። እኔም ብነግረው አያገኘውም። ይህን ስላቸው "አንተ አይተኸዋል፤ አለቀ" አሉ።

ፊደል በትልቅነቴ እንደቆጠርኩ የነገርኳቸውም ያን ሰሞን ነው። ሰው ይህን ስነግረው ወይ ያዝናል ወይ ያመሰግነኛል፤ ሁለቱንም አልወድም። እሳቸው ግን ጨርቃቸውን እየጨመቁ "እኔ በሕፃንነቴ ተምሬ ግማሹን ረስቼዋለሁ። አንተ በሽበት ተምረህ ፊደል አልጣልክም። ታዲያ መሃይሙ ማነው?" አሉ።

አሁን ወደ ወርቅነህ ልመለስ፤ ባልወድም። ወርቅነህ እንደኔው ሹፌር ነበር። አሁን ጥቂት ቫኖች ገዝቶ ከሊንውድና ከሌክ ሲቲ አረጋውያንን ወደ ቀን መዋያቸው ያመላልሳል። እኔ ከሁሉ አሮጌዋን ቫን እነዳ ነበር። ጠዋት ሊንውድ፣ እሱ ግቢ ሄጄ አነሳታለሁ፤ ሥራ ሳበቃ እዚያው እመልሳታለሁ። ዊንተር ሲገባ መብራቷ ደከመ። ነገርኩት። "አምፖል ቀይሬያለሁ፣ ሽፋኑንም ራሴ አጥቤዋለሁ፤ ምን ታካብዳለህ" አለኝ። እውነትም በቀን ሲያዩት ንጹሕ ይመስል ነበር። ከሳምንታት በኋላ ደግሜ ነገርኩት። "ደምሴ፣ ዓይንህን ተመርመር" አለኝ።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ከሥራ መውጫ ሰዓት፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ሌክ ሲቲ ዋናው መንገድ ላይ የግራ ጎማዬ የመንገድ አካፋዩ ሲሚንቶ ላይ ወጣ። በሲያትል በዚያ ወር ቀኑ በአሥር ሰዓት ተኩል ነው የሚጨልመው። አላየሁትም። ቫኗ ዘለለች። ከኋላዬ የተሳፈሩት እማማ ዘነቡ "ሚካኤል!" ብለው ጮኹ። ግንባራቸው ከፊት ወንበር ጋር ተላተመ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከማበጥ አላለፈም። ወርቅነህ ሲመጣ እማማ ዘነቡ ሊያድኑኝ ብለው "ኧረ አንተ ልጅ፣ እሱን አትቆጣ፣ እኔም አላየሁትም!" አሉት። የሰማንያ ዓመት አሮጊት፣ መነጽራቸው የጠርሙስ ቂጥ የሚያህል። ምስክሬ እሳቸው ሆኑ። ወርቅነህ ሳቀና ቁልፉን ተቀበለኝ።

የመንጃ ፈቃድ ቢሮ ሄጄ ዓይኔን ተፈተንኩ፤ አለፍኩ። ሄጄ ነገርኩት። "በብርሃንማ ሁሉም ያያል" አለ። በቤተ ክርስቲያን በር ላይ የተናገረው ከዚያ በኋላ ነው። ሌሎች ቫን ያላቸውን ሥራ ብጠይቅ ሁሉም ሰምተዋል። ሰው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሲያገኘኝ ሁለት ጣቱን አውጥቶ "ደምሴ፣ ይሄ ስንት ነው?" ይለኝ ጀመር። በኋላ በኋላ እኔም ራሴን ተጠራጠርኩ። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሜ አንዱን ዓይኔን በመዳፌ እየሸፈንኩ ከሩቅ የሚመጣውን ቁጥር አነብ ነበር። ትክክል አነባለሁ፤ ግን ሳነብ ልቤ ይመታል። ሥራ ይገኛል፣ ይጠፋል። ሰው የገዛ ዓይኑን መጠራጠር ሲጀምር ግን ምኑ ቀረው?

ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። ሦስት ሽማግሌዎች በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተቀመጡ። ወርቅነህ ተናገረ፣ እኔ ተናገርኩ። ሽማግሌዎቹ ተያዩና "ዋስ አለህ ወይ?" አሉኝ። እንደ ወጉ አንድ ሰው ቆሞ ስለኔ ኃላፊነት ሊወስድ ይገባል። አዳራሹ ውስጥ የማውቃቸው ሰዎች ነበሩ፤ ስንቱን ኤርፖርት አድርሻለሁ፣ ስንቱን ቤት ሲቀይር ሶፋ ተሸክሜያለሁ። ሁሉም ወለሉን ያይ ጀመር። ጋሽ ኃብቶም ከኋላ ዳቦ እየበሉ ነበር። ሽምግልናው አይመለከታቸውም፤ ለዳቦው ነው የመጡት።

"እኔ አለሁ" አሉ፣ ሳይውጡት።

"ለምኑ ነው ዋስ የሚሆኑት?"

"ለዓይኑ።"

ሳቅ ሆነ። አንዱ ሽማግሌ "ጋሽ ኃብቶም፣ ዋስ ለሰው እንጂ ለዓይን አይጠራም" አሉ።

"ሰውየው ምን አጠፋ? የተከሰሰው ዓይኑ አይደለም እንዴ?"

ወርቅነህ ተነሳ። "ጋሼ፣ በእናቶች ሕይወት አይቀለድም። ነገ ሰው ቢገድልስ?"

"አብሬው እታሰራለሁ። እስከዚያው ግን ቫኗን ቅዳሜ አምጣልኝ።"

ስንወጣ "ጋሼ፣ በምን አውቀው ነው? ዓይኔን እኮ አልፈተኑትም" አልኳቸው። "አታ!" አሉ በትግርኛ፣ ሲናደዱ እንደሚሉት። "ያቺን ሽፋሽፍት እኮ እኔ አላየኋትም። አንተ ነህ ያየሃት። ስንት ጊዜ ልፈትንህ?"

ቅዳሜ ወርቅነህ ቫኗን አመጣት። ጋሽ ኃብቶም ጎንበስ ብለው መብራቱን በጣታቸው ሲያሹት ነጭ ብናኝ ከጠርዙ ወጣ። አሸተቱት።

"ጥርሷን የፋቀላት ማነው?"

ወርቅነህ ጣሪያውን አየ።

እኔ ቸኮልኩ። "በቃ ጋሼ፣ ሁለቱንም አጽዱትና ያብቃ!" አልኩ። ሞኝ ነበርኩ። ቀና ብለው አዩኝና "ምስክርን አጥቦ፣ ልብስ አልብሶ፣ አፉን ዘግቶ ወደ ዳኛ መውሰድ የት ያየኸው ነው? ዝም ብለህ ባልዲህ ላይ ተቀመጥ" አሉ። ቀኙን ብቻ ሠሩት። ግራውን አልነኩትም። ወርቅነህ መብራቱ እንደ ወተት ሲሆን እሱም እንደሌሎቹ "አበላሹብኝ!" ብሎ ጮኸ፤ ሻይህን ጠጣ ተባለ፤ ጠጣ። ፈሳሹ ሲደርቅ ቀኙ መብራት እንደ ምንጭ ውሃ ሆኖ ወጣ።

አመሻሹ ላይ ዝናቡ መጣ። ጋሽ ኃብቶም "ወርቅነህ፣ አንተ ንዳ" አሉ። ከጎኑ ተቀመጡ፤ እኔ ከኋላ፣ እማማ ዘነቡ የሚቀመጡበት ላይ። ወደ ሊንውድ ወጣን፣ ተመለስን። ሌክ ሲቲ ገባን። ወርቅነህ ያ ሲሚንቶ የት እንዳለ ያውቃል፤ እኔ የወጣሁበት እሱ ነዋ። ቢሆንም ወደ ግራ ሲታጠፍ አፍንጫው ላይ እስኪደርስ አላየውም። ፍሬኑን ረገጠው። የጋሽ ኃብቶም ቆብ ተስፈንጥሮ ከፊት መስታወቱ ሥር ወደቀ። ቫኗ ከሲሚንቶው ጥቂት ጣት ቀርቷት ቆመች።

"ዝናቡ ነው" አለ ወርቅነህ።

ጋሽ ኃብቶም ቆባቸውን አንስተው አራገፉና "በግራ በኩል ብቻ ነው የሚዘንበው?" አሉ።

ከኋላችን የቆመው መኪና ጡሩምባ ነፋብን። ወርቅነህ በመስታወቱ አሻግሮ አየኝና "ኦኬ። ሰኞ ሥራ ግባ" አለኝ።

እኔ እቀበለው ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ብሎኝ እቀበለው ነበር። ጋሽ ኃብቶም ግን "ሥራው ሰኞ ይጀመር። ነገሩ ግን አልተዘጋም" አሉ።

"ጋሼ፣ ሥራውን መለስኩለት፤ ከዚህ በላይ ምን ቀረ?"

"ስሙ ቀረ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ነው የወሰድከው፤ እዚያው ትመልሳለህ።"

ከዚያ ያደረጉትን እስከ ዛሬ ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል። ወርቅነህ ገና እሺ ሳይል፣ ፓርኪንጉ ደርሰን ገና ሳንወርድ፣ ወረቀታቸውን ነክረው ግራውን መብራት መፈተግ ጀመሩ። "ጋሼ፣ ማስረጃችን እኮ ነው! እስኪናገር ይቆይ!" አልኳቸው። "ሰኞ እናቶች ይሳፈሩባታል" አሉ። በቃ። ማስረጃዬን በገዛ እጃቸው ፈትገው አጠፉት። ተናድጄ ነበር። አሁን ሳስበው ከዚያ ቀን በላይ ያከበርኳቸው ቀን የለም።

ወርቅነህ ይህን ሲያይ ልቡ ሰፋ። ማስረጃው ታጥቧል፤ ማን ይጠይቀዋል? በየሳምንቱ ጋሽ ኃብቶም በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ያገኙትና "ዛሬስ?" ይሉታል። "ጋሼ ዛሬ እንግዳ አለብኝ።" "ዛሬስ?" "ጋሼ ዛሬ ሰው አልሞላም።" "ዛሬስ?" "ጋሼ ዛሬ ሰው በዛ።" ጣታቸውን እያወጡ የሚጠይቁኝ ሰዎችም አልተዉኝም። መኪና እነዳለሁ፤ ስሜ ግን ዕውሩ ደምሴ ነው። አንድ ቀን ታከተኝና "ጋሼ፣ ይተዉት። እኔ ትቼዋለሁ" አልኳቸው።

"አንተ ምን አገባህ? ዋሱ እኔ ነኝ" አሉኝ። እውነትም ተቆጥተው ነበር።

ፀደይ ላይ ታመሙ። ልጃቸው ሳባ መጥታ ወደ ኤቨረት ወሰደቻቸው። ነርስ ናት፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፤ በአማርኛ ሲያናግሯት ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ የምትመልስ። ልጠይቃቸው በሄድኩ ቁጥር ስለ ሕመማቸው አይነግሩኝም። "ተናገረ?" ይላሉ። "አልተናገረም" እላለሁ። አንድ ቀን ልዋሽላቸው አስቤ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ግን ውሸቱ ከአፌ አልወጣም። ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ቀን እጃቸው ብርድ ልብሱን ያሽ ነበር፤ በዝግታ፣ እየዞረ፣ እንደ ሥራቸው። በሳምንቱ አረፉ።

አርባቸው የሚካኤል ዕለት ላይ ዋለ። ጸሎቱ አልቆ ሕዝቡ ወጣ። ሳባ ነጠላዋን እንዴት እንደምትለብስ ስላላወቀች ሴቶቹ አስተካከሉላትና በር ላይ ቆማ ለቅሶ ደራሹን ትጨብጥ ጀመር። ወርቅነህም ተራውን ጠብቆ መጣ።

"እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ የኔ ልጅ።"

"አሜን። አንተ ወርቅነህ ነህ?" አለችው። አንቱ ማለት አታውቅበትም።

"አዎ።"

እጁን አልለቀቀችም። "ኦኬ። ዋሱ አሁን እኔ ነኝ።"

"የምን ዋስ?"

"የደምሴ ዓይን። አባቴ ነገረኝ፤ ዋስ ሆኖ የሞተ ሰው ዋስትናው ለልጁ ነው አለ። ሶ፣ ካልተናገርክ በየሳምንቱ ከኤቨረት መንዳት አለብኝ። ትራፊኩን ታውቀዋለህ።"

እንዲህ ያለ ሕግ መኖሩን እኔ እንጃ። ጋሽ ኃብቶም አልጋ ላይ ሆነው ፈጥረውት ይሆናል። ነገር ግን ሽምግልና ተቀምጠው ከነበሩት አንዱ ከኋላ "ልክ ናት! ልጅ ይወርሳል!" አሉ። ሰው ዞረ። የሐዘንተኛ እጅ ተነጥቆ አይኬድም፤ ወርቅነህም ይህን ያውቃል። እጁን ሊስብ ሞከረ። የነርስ እጅ ነው፤ አልላላም። ፊቱ ላብ በላብ ሆነ።

"ስሙኝ፣ ምእመናን" አለ በመጨረሻ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ። "ዊንተር ላይ፣ እዚሁ በር ላይ፣ ደምሴ ዓይኑ አያይም ብዬ ነበር። ውሸት ነው። ዓይኑ ደህና ነው። የደከመው የቫኗ መብራት ነበር። ደጋግሞ ነግሮኝም አልሰማሁትም።"

"ፊደሉስ?" አለች ሳባ።

"ምን?"

"ስለ ፊደልም ብለሃል። አባቴ ሁሉንም ነው የነገረኝ።"

"ፊደሉንም… በገዛ ጊዜው ተምሯል። ምን አገባኝ። አጥፍቻለሁ።"

ሰው ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም። ወርቅነህ መጥቶ ትከሻዬን ሳመ። ይቅር ብዬሃለሁ አልኩት፤ ሰው እየሰማ ስለሆነ። ልቤ ገና ነው፤ እሱ የኔ ጉዳይ ነው። ሳባ ወደ እኔ ዞራ "ኦኬ ነው? በቃ?" አለችኝ። በቃ አልኳት።

ዋስትናው ወረደ። ቀኑ ሰኔ 12፣ ቅዱስ ሚካኤል ነበር።